ደፋሩን ቡችላ ልውሰድ ወይስ ከጀሪካኑ ጀርባ የተደበቀውን?

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬን የለጠፍኩት ቅዳሜ ማታ ነበር። እስከ ትናንት 30 መልስ ደረሰው። ዘግይታችሁ የመጣችሁ ከላይ ጀምሮ ማንበብ ሰልችቷችሁ ነገሩ የት ደረሰ እያላችሁ በውስጥ መስመር ጨቀጨቃችሁኝ። ስለዚህ የተባለውን በየተራ ቁጥሩ፣ በራሴ አነጋገር ላውጋችሁ። ስድብ ያለበትን አለዝቤዋለሁ።

መነሻው እንዲህ ነው። የምንኖረው ጎንደር፣ ማራኪ አካባቢ ነው። ግቢው የራሳችን ነው፤ ግን ጠባብ ነው። መኪና ቢገባበት ለሰው ቦታ አይተርፍም። ቤት ውስጥ ባለቤቴ፣ የ9 ዓመት ሴት ልጄ፣ የ4 ዓመቱ ትንሹ ልጄና እናቴ አሉ። ባለፈው ክረምት ጎረቤት ቤት ሌባ ገባ። ከዚያ ወዲህ ውሻ እንግዛ የሚለው ወሬ ከቡናችን ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ልጄ ደግሞ ውሻ የምትፈልገው ለሌባ አይደለም፤ ልታቅፈው ነው። እኔ ሁለቱንም ጉዳይ በአንድ ውሻ እገላገላለሁ አልኩ። ጀርመን ሼፐርድ።

ሰው ጠቁሞኝ ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ውሻ የሚያረባ ሰው ጋ ከልጄ ጋር ሄድን። በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። 7 ቡችሎች አሉት። 6 ሳምንት ሞልቷቸዋል፣ ዛሬውኑ መውሰድ ትችላለህ አለኝ። እናትም አባትም ከሥራ ውሻ ዘር የመጡ ናቸው ተባለ። ዋጋውን አልጽፍም፤ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ያህላል።

የቡችሎቹ በር ሲከፈት አንዱ ሌሎቹን ረጋግጦ መጣና የጫማዬን ክር ነከሰ። ስራመድ በሆዱ እየተንሸራተተ ይከተለኛል እንጂ አይለቅም። አርቢው ሳቀና ይሄኛው ለእኔ የተፈጠረ መሆኑን ነገረኝ። የልጄ ዓይን ግን ሌላ ቦታ ነበር። ከቢጫ ጀሪካን ጀርባ ጆሮው የወደቀ ቡችላ ተቀምጧል። እጇን ስትዘረጋለት ጭራሽ ወደ ቆርቆሮው ተለጠፈ። እሷም እሱን ካልሆነ ሌላ አልፈልግም ብላ አለቀሰች። ነገ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። ጥያቄዬ ይቺ ብቻ ነበረች፤ ደፋሩን ወይስ የተደበቀውን?

1ኛው መልስ 5 ደቂቃ አልፈጀበትም። እንኳን ደስ ያለህ ካለኝ በኋላ ደፋሩን ያዝ፣ ምን ታመነታለህ የሚል ነው። ክርክሩ አጭር ነው። ከሰው የሚደበቅ ውሻ ከሌባም ይደበቃል። እኔም ልቤ ወደዚያው ስለነበር ደስ ብሎኝ አመሰገንኩት።

2ኛዋ እዚሁ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ ያለች ልጅ ናት። ሰላምታዋ ረጅም፣ ትሕትናዋ ደስ የሚል ነው። ነገሯ ግን ጠንከር ይላል። የትኛውን ከማለትህ በፊት መቼ ብለህ ጠይቅ ነው የምትለው። ቡችላ በ6 ሳምንቱ ከእናቱ አይለይም፤ ቢያንስ 8 ሳምንት ይሙላው። ምክንያቷን ከዚያ በፊት ከማንም አልሰማሁም ነበር። ቡችላ የንክሻን ልክ የሚማረው ከወንድሞቹና ከእናቱ ነው። ወንድሙን አጥብቆ ሲነክሰው ያኛው ይጮህና ጨዋታው ይቆማል። ይህን ሳይማር ቤት የገባ ቡችላ የሚለማመደው በትንሹ ልጄ እጅ ላይ ይሆናል ማለት ነው። ደግሞ ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ቡችላ ዓለምን የሚለምድበት ነው። ባጃጅ፣ ጃንጥላ፣ ከዘራ የያዘ ሽማግሌ፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ፤ ያኔ በደህና ያልለመደውን ነገር ካደገ በኋላ ሊፈራው ይችላል። የፈራ ውሻ ደግሞ ይነክሳል።

3ኛው ዋጋው ስንት ነው አለ። 4ኛው ሰው ቁም ነገር ሲያወራ ዋጋ ትጠይቃለህ ብሎ ተቆጣው።

5ኛውን መልስ የጻፉት ጡረታ የወጡ ውሻ አሠልጣኝ ናቸው። ማዕረጋቸውን ስለነገሩን ከዚያ በኋላ ሁላችንም ሃምሳ አለቃ እያልናቸው ቀረን። ጽሑፋቸው ረጅም ነው፤ አንቀጽ የሚባል ነገር የለውም፤ ግን ከሁሉም ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። ነገሩን ከሥሩ ነው የጀመሩት። ጀርመን ሼፐርድ ሲጀመር የበግ ጠባቂ ነው። ማክስ ፎን ስቴፋኒትስ የሚባል የጀርመን ፈረሰኛ መኮንን በ1899 እ.ኤ.አ. ሆራንድ የሚባል ውሻ ገዝቶ የዘሩን ማኅበር መሠረተ። ይህ ውሻ ቀኑን ሙሉ በመንጋው ዙሪያ እየተመላለሰ በጎቹ ወደ ሰው እርሻ እንዳይገቡ አጥር ሆኖ የሚውል ነው። ፖሊስና ወታደር የወሰደው ኋላ ነው። ከዚያ ዘሩ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ለሥራ የሚረባው ነው፤ ሌላው ለመልክና ለትርዒት የሚረባው፣ ያ ወገቡ ወደ ኋላ የሚያዘቀዝቀው። ስማቸው አንድ ነው፤ ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። የሥራው ዘር ሥራ ካልሰጠኸው ሥራ ይፈጥራል።

እንዴት እንደሚፈጥር ያወጉት ነው ያሳቀኝ። አንድ ጊዜ የእረፍት ፈቃድ ወስደው ከሚሠሩበት ውሻ ጋር ቤታቸው ሄዱ። ግቢ ውስጥ ፈቱትና ገብተው ጋደም አሉ። ከሰዓት በኋላ ባለቤታቸው ጮኸች። ቢወጡ ሦስቱ ልጆቻቸውና አራቱ ዶሮዎች ከማገዶ ክምሩ አጠገብ አንድ ጥግ ላይ ተሰብስበዋል። ውሻው ፊት ለፊታቸው ተቀምጧል። ማንም አልተነከሰም፤ ነገር ግን ከዚያ ጥግ መውጣት የቻለ የለም። መካከለኛው ልጅ ሊሮጥ ሞክሮ ኖሮ ተረከዙን ቀስ አድርጎ ቆንጠጥ አድርጎታል። ሃምሳ አለቃ እንደሚሉት ውሻው በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ተደስቶ አያውቅም።

መጨረሻ ላይ ማሊንዋ የሚባለውን ውሻ የጀርመን ሼፐርድ ዓይነት አድርገው ጽፈው ነበር። 6ኛው መልስ ያቺን ያዘ። ማሊንዋ የቤልጂየም ነው፤ ከአራቱ የቤልጂየም እረኛ ውሾች አንዱ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ከአንድ የቤልጂየም ከተማ ነው። እርማቱ ትክክል ነው፤ አነጋገሩ ግን የአስተማሪ ዱላ ያለበት ነበር። 7ኛው የሃምሳ አለቃ ምላሽ ነው። እርማቱን ተቀበሉ፤ አያይዘውም አራሚው ስንት ማሊንዋ በገመድ ይዞ እንደሚያውቅ ጠየቁ። መልስ አልመጣም።

8ኛዋ አራዳ አካባቢ የምትኖር እናት ናት፤ የጠየቀችኝ ነገር አሳፈረኝ። እናትህን አማክረሃል ወይ? ሥዕለ አድኅኖ ባለበት፣ ጸሎት በሚደረግበት ቤት ውሻ ከደጅ እንዳያልፍ ያደጉ ሴት ናቸው፤ አንተ ሶፋ ላይ የሚተኛ ውሻ ስታመጣ ምን ይላሉ? እውነቷን ነው፤ አላማከርኳትም። ያን ዕለት ማታ ብጠይቃት እናቴ ውሻ አልጠላም፣ ከበረንዳው ግን አይለፍ አለችኝ።

እዚህ ላይ ነገሩ ተወሳሰበ። ምክንያቱም 9ኛው መልስ ውሻን ከቤተሰብ አርቆ ማኖር የሚያመጣውን ጣጣ ይዞ መጣ። ጸሐፊው ሽንታ አካባቢ የሚኖር ሰው ነው። ወንድሙ ልክ እንደኔ ደፋሩን መርጦ የሥራ ዘር ሼፐርድ ገዛ። የመጀመሪያዎቹ አራት ወራት ሰፈሩ ሁሉ ፎቶ ይነሳበት ነበር። ከዚያ ልጆቹን መጣል፣ የተሰጣ ልብስ መበጣጠስ ሲጀምር በሰንሰለት ታሰረ። ከታሰረ በኋላ የሚፈታው ማታ ማታ ብቻ ሆነ። ዓመት ሲሞላው በቀን ያየው ሰው ሁሉ ጠላቱ ነበር። አንድ ቀን ቡና የተጠራች ጎረቤት በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ሴትዮዋ ተርፋለች፤ ክንዷ ላይ ግን ዛሬም ጠባሳው አለ። ጸሐፊው ውሻውን አይወቅስም። ጥፋቱ የወንድሜ ነው ይላል፤ ለሥራ የተፈጠረ እንስሳ ገዝቶ እንደ በር ቁልፍ ሰቀለው።

10ኛው የሕግ ሰው ነው መሰለኝ፤ አጭርና ቀዝቃዛ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል፤ ሳያስበው ቢያመልጠው እንኳ። ሰንሰለቱ ተበጥሶ ነው ማለት አያድንም። ይቺን ለባለቤቴ ሳነብላት ለአንድ ሰዓት ያህል ውሻ የሚባል ነገር አይነሳ አለች።

እስከዚህ ድረስ ሰው ሁሉ ወንድሜ፣ እህቴ እየተባባለ ነበር። 11ኛው ሲመጣ አየሩ ተለወጠ። ይህ ሰው እኔ ስሙን ያልጠራሁትን አርቢ ደግፎ ተነሳ። በእሱ አባባል ለውሻቸው የወጥ ትርፍራፊ የሚሰጡ ሰዎች ስለ ዘር ማውራት የለባቸውም፤ የቡችሎቹ አባት ወረቀት ያለው ነው፤ 6 ሳምንትም ከበቂ በላይ ነው፤ ጆሮው የወደቀው ቡችላ ደግሞ ደካማ ስለሆነ በቅናሽ ሊሰጥ ይችላል። ልብ በሉ፣ ስለ ቅናሽ እኔ አንድም ቃል አልጻፍኩም። ጸሐፊው ማን እንደሆነ ጥርጣሬዬን ለራሴ ያዝኩት።

12ኛው መልስ የተማሪዋ ነው፤ ትሕትናዋ እንዳለ ነው። ሦስት ነገር ጠየቀችው። ወረቀቱ የአባትየውን ብቻ ነው ወይስ የእናትየዋንም የዘር ሐረግ ያሳያል? የወላጆቹ ዳሌ ራጅ ተነስቷል ወይ? የሼፐርድ አንዱ ችግር የዳሌ መገጣጠሚያ ነውና፤ ውሻው ዓመት ሳይሞላው የሚነሳው ራጅም የመጨረሻ ፍርድ አይሆንም። ሦስተኛ፣ እናትየዋን ገዢ ማየት ይችላል ወይ? ስለ ጆሮውም መለሰችለት። በ6 ሳምንት የሼፐርድ ጆሮ መውደቁ ምንም አይደለም፤ ብዙዎቹ ጥርስ ለውጠው እስኪጨርሱ፣ 5 ወር ድረስም ሊቆይ ይችላል።

13ኛው የዚያው ሰው ነው። ከሦስቱ ጥያቄዎች አንዱንም አልመለሰም። ተማሪ ሆነሽ ስንት ውሻ አክመሻል የሚል ዓይነት ነገር ጽፎ ሌላም ጨመረበት፤ እሱን አልደግመውም። 14ኛው የመድረኩ አስተናጋጅ ነው። ግማሹን አጠፋና ሁሉም ሰው ውኃ እንዲጠጣ መከረ።

ውኃው ሳይሠራ አልቀረም፤ ወሬው ወደ ምግብ ሄደ። 15ኛዋ የጠየቀችው ነገር ጎንደር ላይ ውሻ ያሳደገ ሁሉ የሚያውቀው ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋ ቤት ሲዘጋ ይህ ሁሉ ጡንቻ ምን ይበላል? 16ኛው ሆቴል ማእድ ቤት የሚሠራ ወጣት ነው። ጾም ሊገባ ሲል ሳንባና ጨጓራ በብዛት ገዝቶ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጣል፤ በቀረው ጊዜ ገንፎና ፍርፍር ይሰጣል፤ በፍስክ ደግሞ የሆቴሉን የወጥ ትራፊ ከነአጥንቱ። ውሾቹ ከእኔ የተሻለ ይበላሉ ባይ ነው።

17ኛዋ ያቺው ተማሪ ናት፤ ይህን ስታነብ የደነገጠች ይመስላል። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ ቀይ የደም ሕዋሱን ያፈርሳል፤ ቢበስልም ያው ነው። የእኛ ወጥ ደግሞ ምኑ ነው ከሽንኩርት በቀር? የዶሮ ወጥ ትራፊ ለውሻ የበዓል ስጦታ እየመሰለን የምንሰጠው ስንቶቻችን ነን። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። ሳንባና ጉበት ደግሞ ጥሬውን አይሰጥም፤ በደንብ ይቀቀል። በበግና በከብት ሳንባ ላይ የምናየው ውኃ የቋጠረ እብጠት ውሻው ሆድ ገብቶ ትል ይሆናል። የትሉ እንቁላል ከውሻው ፀጉር በልጅ እጅ፣ ከልጅ እጅ ወደ አፍ ይሄድና ሰው ጉበት ላይ ያንኑ እብጠት ያበቅላል። ስለዚህ ውሻው በየጊዜው የትል መድኃኒት ይውሰድ፣ ልጆችም ነክተውት ሲመጡ እጃቸውን ይታጠቡ። ይህ ሁሉ ተጽፎ 16ኛው የሰጠው ምላሽ አንድ የተከዘ ፊት ብቻ ነው።

ከ18 እስከ 21 ያሉት ከነገሩ ወጡ። እኔ ግን አልተከፋሁም። አንዱ የአያቱ ውሻ ረቡዕና አርብን ያውቅ ነበር፣ በጾም ቀን ቄራ አይሄድም ነበር ብሎ ማለ። ሌላዋ ቄራው ስለሚዘጋ ነው እንጂ ጽድቅ አይደለም አለችው። ከዚያ የውሻ ስም ተነሳ። የደንቢያ ልጅ ነኝ ያለ ሰው ያወጋት ይቺ ነች። አያቱ ከጎረቤታቸው ጋር በድንበር ተጣልተው ስለነበር ውሻቸውን እሱ ያውቃል ብለው ሰየሙት። ማታ ማታ አጥሩ አጠገብ ቆመው ይጣራሉ፤ እሱ ያውቃል፣ ና እሱ ያውቃል! ጎረቤትየው ሁለት ወር ታገሰና ቡችላ አመጣ። ስሙን ምን አገባህ አለው። ሁለቱ ሽማግሌዎች እስኪታረቁ ድረስ ውሾቻቸውን እየተጣሩ ተከራከሩ። ውሾቹ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብረው ነበር የሚተኙት ይባላል።

22ኛው ደባርቅ የሚኖር አስጎብኚ ነው። ሳቁን ያቆመው እሱ ነው፤ ቁጣ ግን የለበትም። ሰሜን ተራሮች ላይ ያለው ቀይ ቀበሮ ከጠላቶቹ አንዱ የእኛ ውሻ ነው። በዓለም ላይ የቀረው ወደ 500 ገደማ ነው፤ እሱም ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ። ባሌ ተራሮች ላይ በ2003 እና በ2008 እ.ኤ.አ. የእብድ ውሻ በሽታ ከሰው ውሻ ተላልፎ ቀበሮዎቹን ፈጅቷል። ስለዚህ የሚለምነን ነገር ፈረንጅም ሐበሻም ብትገዙ አስከትቡ፣ ወደ ተራራም ይዛችሁ አትምጡ ነው።

23ኛውን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ትንሽ ቆየሁ። አንድ አጎት ነው የጻፈው። የእህቱን ልጅ የ3 ወር ቡችላ ጣቷን ነከሳት። ቡችላ ነው፣ ጥርስ እያበቀለ ነው ተብሎ ታለፈ። ቡችላው በ6ኛው ቀን ሞተ። ከዚያም ቤተሰቡ ወደ ባህል መድኃኒት ወሰዳት። አጎትየው ሲሰማ ባጃጅ ይዞ ሄዶ ከሰው እጅ ነጥቆ ሐኪም ቤት አደረሳት። ክትባቱን ጨርሳለች፤ ዛሬ ደህና ናት። ልጅቷ ምንም ሳትሆን እሱ ግን ለወራት ውኃ ስትጠጣ እያየ ይንቀጠቀጥ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ምልክቱ ከታየ ማዳን አይቻልም በሚባል ደረጃ ነው። ውሻ ሲነክስ መጀመሪያ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ ቀጥታ ሐኪም ቤት። ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ካርዱን በዓይናችሁ እዩ። ከዚህ መልስ ሥር ለረጅም ጊዜ ማንም አልቀለደም።

24ኛው ጅብን አስታወሰ። ማታ ማታ ከየወንዙ እየወጣ ቆሻሻ ለሚለቅም ጅብ ጀርመን ሼፐርድ መክሰስ እንጂ ዘበኛ አይደለም፤ ስለዚህ ውሻ ግቢ ውስጥ ይደር፣ አጥርም ይጠገን። እሱንም ልብ አልኩት።

25ኛዋ አዘዞ የምታስተምር መምህርት ናት። ይህን ሁሉ ምን አመጣው፣ የሐበሻ ውሻ አሳድግ ነው ነገሯ። ያገኘውን ይበላል፣ ብርዱንም ፀሐዩንም ያውቀዋል፣ እንግዳ ሲመጣ ይጮሃል። ሌባ ሲጮህበት ዘሩን አይጠይቅም። 26ኛው የ1ኛው መልስ ባለቤት ነው፤ ዳግም ሲመጣ ያ ደግነቱ የለም። አህያ ከፈረስ ጋር አታወዳድሪ አላት። እሷም በፈረሱ ገበያ የሚሄድ ሰው ካለ አሳየኝ ብላ ዘጋችው። እኔ ለራሴ ለመምህርቷ አደላሁ። ግማሽ ልቤ ግን አሁንም ያን የጫማ ክር ያስታውሳል።

27ኛው ላይ ተማሪዋ ወደ ጥያቄዬ መለሰችን። ቡችላ ለማየት ስትሄድ ምን ትመለከታለህ? ሆዱ ተነፍቶ ከደደረ ትል ነው። ድዱ ሮዝ፣ ዓይኑ ንጹህ፣ ከጭራው ሥር ደረቅ መሆን አለበት። ቁልፍ መሬት ላይ ጣል። ሁሉም ይደነግጣሉ፤ ደንግጦ ተመልሶ መጥቶ የሚያሸተውን እይ። የሚቆጣውንም፣ ጨርሶ የማይወጣውንም ለልጆች ቤት አትምረጥ። በሁለት የተለያየ ሰዓት ሂድ፤ ጠዋት የተኛው ማታ ሌላ ሰው ነው። ይህን ሁሉ ካለች በኋላ ግን ራሷ አቃለለችው። በ7 እና በ8 ሳምንት ላይ የሚደረግ ፈተና ቡችላው አድጎ የሚኖረውን ጠባይ በደንብ አይናገርም። ከቡችላው ይልቅ እናቱን እይ። የምታጠባ እናት ጡቷ የወረደ ነው፤ ቡችሎቹም ሲያዩዋት ይሮጡላታል። እሷ እንግዳ ሰው ሲመጣ የምትሆነውን፣ እነሱ አጠገቧ ሆነው ይማሩታል።

28ኛው የሃምሳ አለቃ ነው። በዚህኛው አልረዘሙም። ጥያቄ ብቻ ነው የደረደሩት። ጠዋት 11 ሰዓት ተኩል ማን ያወጣዋል? በነሐሴ ዝናብስ? በቀን ሁለት ሰዓት ለእሱ ብቻ የሚሰጥ ሰው ቤት ውስጥ አለ? ልጆቹ ትምህርት ቤት፣ አንተ ሥራ ስትሆን ከማን ጋር ይውላል? ሲታመም የሚታከምበት ብር ተቀምጧል? መጨረሻ ላይ የጻፉትን ግን አልረሳውም። ጥሩ አርቢ እነዚህን ጥያቄዎች አንተን ይጠይቅሃል፤ ካልጠየቀህ ውጣ። እኔ አሰብኩት። አርቢው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። በእጅ ነው በባንክ?

29ኛው መልስ የራሴ ነው። ማክሰኞ ከሥራ መልስ ብቻዬን ሄድኩ። እናትየዋን ላያት አልኩት። መጀመሪያ ዘመድ ቤት ናት አለኝ። ቆም ስልበት ገባና አንዲት ሴት ውሻ በገመድ ይዞ መጣ። ቆንጆ ናት፤ እጄን ላሰች። ሆዷን አየሁት። ልጥፍ ያለ ነው፤ ጡቶቿ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ትናንሽ ናቸው። ቡችሎቹ አልሮጡላትም። ደፋሩ መጥቶ ሲያሸታት አጉረመረመችበትና ተራምዳው አለፈች።

ከጓሮው ቆርቆሮ ጀርባ ግን ጩኸት አለ። ባለፈውም ሰምቼው ነበር፤ የደከመ፣ የማያቋርጥ ጩኸት። እሷ ማን ናት አልኩት። የጥበቃ ውሻ ናት አለኝና ዋጋውን መቀነስ ጀመረ። እሱ እያወራ በምስማር ቀዳዳ አጮለቅሁ። አጭር ሰንሰለት። ዙሪያዋን እየዞረች የፋቀችው መሬት ክብ ሠርቶ እንደ ምጣድ ለስልሷል። ጡቶቿ ወርደው መሬቱን ሊነኩ ደርሰዋል። ዓይኔን ሳታይ አልቀረችም፤ ቆርቆሮውን በደረቷ መታችው። ዞር ስል ከጀሪካኑ ጀርባ ያለው ቡችላ ፊቱን ወደዚያ ቆርቆሮ አዙሮ ተቀምጧል። ለካ ያን ቀንም የተደበቀ መስሎን እንጂ ወደ እሷ ተጠግቶ ነበር። ቡችላ ሳልይዝ ወጣሁ። ማታ ሁለት ጊዜ ደወለልኝ፤ ሁለት ጊዜም ዋጋ ቀነሰ።

ለ11ኛው ጸሐፊ ጥያቄ አለኝ ብዬ ጨመርኩበት። መገለጫውን አጥፍቶ ሄዷል።

30ኛው ሃምሳ አለቃ ናቸው። የሚያውቋት አንዲት የጀርመንና የሐበሻ ክልስ አለች። በረንዳ ላይ ነው የምትኖረው፤ የባለቤቶቿ ልጆች ጆሮዋን ይዘው ይነሳሉ። አርግዛለች፤ የውሻ እርግዝና ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ስለሆነ ከፋሲካ በኋላ ትወልዳለች። መጀመሪያ እናትየዋን አንተ ና እይ፣ ቡችላ ከተወለደ 8 ሳምንት ሳይሞላ የሚሰጥ የለም፣ ልጆቹን ኋላ ታመጣለህ ብለውኛል። እሁድ እሄዳለሁ። እናቴ በረንዳ የሚለውን ሰምታ ዝም አለች፤ የእናቴ ዝምታ እሺ ነው። የነሐሴውን ዝናብ ጥያቄ ለባለቤቴ አንስቼላት ነበር። እኔን እንዳታየኝ አለች።

ልጄ ትናንት ማታ ያ ጀሪካን ጀርባ ያለውስ አለችኝ። እስካሁን አልመለስኩላትም።

31ኛው መልስ ይህን እየጻፍኩ ሳለሁ ገባ። አዲስ ሰው ነው። ዋጋው ስንት እንደሆነና ያ የጫማ ክር የነከሰው ገና እንዳለ ይጠይቃል።